ልጃችሁን ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ አታድርጉ

ባለፈው ሳምንት አንዲት በቅርቡ የመጣች እናት ደወለችልኝ። ልጇን ትምህርት ቤት ቡሊ ያደርጉታል። «ምን ላድርግ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ዘንድሮ ስንት ጊዜ እንደመለስኩ አላውቅም። ስለዚህ አሜሪካ ለገባችሁ ወላጆች ሁሉ ልጻፈው።

ቡሊንግ አንድ ቀን ተጣልቶ መታረቅ አይደለም። በጉልበትም ይሁን በጓደኛ ብዛት የሚበልጥ ልጅ ሌላውን ደጋግሞ ሲያጠቃ ነው። መምታት ብቻ አይደለም። በአነጋገሩ መሳቅ፣ ማግለል፣ ስልክ ላይ ስሙን ማጥፋትም ያው ነው። «ልጅ ነው፣ ይለምደዋል» የሚል ወላጅ ያናድደኛል። አይለምደውም። ለእናንተ መንገሩን ይተዋል እንጂ።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል እያለች ከአውቶቡስ ወርዳ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ሽንት ቤት ትሮጥ ነበር። በየቀኑ። ለካ የሚያስቸግሯት ልጆች የሚጠብቋት ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ይዛ ትውላለች። ይህን ለማወቅ ወራት ፈጀብኝ። «ትምህርት እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትለፉ። ምሳ ከማን ጋር እንደበላች፣ አውቶቡስ ላይ ማን አጠገቧ እንደተቀመጠ ጠይቁ።

እኔ የተሳሳትኩት ከዚያ በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ ጠራኝ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፣ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ግን አይበቃም ነበር። «ልጅሽ ታስተርጉምልሽ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ልጄ መሀላችን ተቀመጠች። እኔ «በየቀኑ ያስፈራሯታል፣ በጸጉሯ ይስቃሉ፣ ይጎትቷታል» እላለሁ። እሷ መሬት መሬቱን እያየች ሁለት ቃል ትናገራለች። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ራሷን እየነቀነቀች ትጽፋለች። ከሰባት ወር በኋላ ፋይሉን ጠይቄ ሳስነብበው «እናትየዋ ችግሩ እንደተፈታ ገልጻለች» ይላል። ልጄን አልወቅሳትም። የደረሰባትን ነገር በራሷ አፍ ለትልልቅ ሰዎች እንድትናገር ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የተነሳ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ለማይበቃው ወላጅ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ልጅ አስተርጓሚ አይደለም። «አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» (የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ) በሉና ዝም በሉ። ስብሰባው ለሌላ ቀን ከተዛወረ ይዛወር።

ቅሬታችሁን በኢሜይል ጻፉ። በአማርኛም ቢሆን ጻፉት። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል አስገቡ። «ቡሊንግ» የሚለውን ቃል ራሱን ተጠቀሙ፣ አለዚያ «የልጆች ጭቅጭቅ» ተብሎ ይመዘገባል። የስልክ መልእክት ካለ ሳይጠፋ ስክሪንሾት አንሱት። 50ዎቹም ግዛቶች ቡሊንግን የሚመለከት ሕግ አላቸው፤ የቅሬታ ፎርም ካለ ጠይቁ። ኮሪደር ላይ ለአስተማሪ ነግሮ መሄድ ግን ምንም አለማድረግ ነው። ስንቱን ሰው ይህን ነግሬ ደክሞኛል።

«መልሰህ ምታው» አትበሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም ሰስፔንድ ያደርጋሉ፣ ማለት ለጊዜው ከትምህርት ያግዳሉ፣ ከዚያ ተበዳዩ ልጃችሁ መሆኑን ማስረዳት መከራ ነው።

ሌላው ልጅ ምን እንደተቀጣ ብዙ ጊዜ አይነግሯችሁም። የተማሪን መረጃ የሚጠብቅ ሕግ ስላለ ነው፣ ስለናቋችሁ አይደለም። በዚያ ላይ አትሟገቱ። ይልቅ ለልጃችሁ ደህንነት ነገ ምን እንደሚደረግ ጠይቁ። እኔ በሁለተኛው ስብሰባ፣ በአስተርጓሚ፣ ልጄ ነርሷ ጋ ያለውን ሽንት ቤት እንድትጠቀም ጠየቅኩ። በሁለት ቀን ፈቀዱ። መሮጧን አቆመች።

ጥቃቱ በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር ምክንያት ከሆነና ትምህርት ቤቱ ችላ ካለ፣ ለፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ ማመልከት ይቻላል። አስተርጓሚ ከከለከሏችሁም እንደዚሁ። በመደበኛው አሠራር ጊዜው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው። እኔ ያንን ፋይል ያነበብኩት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነበር።