ሐረግ የሚያቀልም የወርድ ማክሮ አማርኛ ላይ ሲሠራ የሚፈጠሩ ስህተቶች

ረጅም የኪራይ ውል ውስጥ «አከራይ»ን በሰማያዊ፣ «ተከራይ»ን በቀይ የሚለይ ማክሮ (ወርድ ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ እንዲሠራ የሚያዝ አጭር ኮድ) ለአራሚ ትልቅ እፎይታ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ውልና የመመረቂያ ጽሑፍ የምትተይቡ ሁሉ ብትለምዱት ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል። ከኢንተርኔት የሚገኙት ማክሮዎች ግን በአብዛኛው ለእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ አማርኛ ላይ የሚሰናከሉበት ቦታ አለ።

አማርኛውን ኮዱ ውስጥ መጻፍ። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ኦልትና ኤፍ 11 ሲጫኑ የሚከፈተው የኮድ መስኮት የግዕዝ ፊደል አይቀበልም፤ «ተከራይ» ብለው የለጠፉት «????» ይሆናል። የዋይልድካርድ ፍለጋ (አንዳንድ ምልክቶች በፊደል ምትክ የሚቆሙበት የወርድ ፍለጋ) በርቶ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። እዚያ አንድ የጥያቄ ምልክት «ማንኛውም አንድ ፊደል» ማለት ስለሆነ ሰነዱ በሙሉ ቀለም ይለብሳል። መፍትሔው ሐረጎቹን በሌላ የወርድ ሰነድ፣ ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ላይ መጻፍ ነው፦ በአንዱ ሐረጉ፣ በሌላው ቀለሙ። ማክሮው ከዚያ ያንብብ። ከእያንዳንዱ ሕዋስ የተነበበው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የማይታዩ ሁለት ምልክቶች አሉ። እነሱን ካልቆረጡ ምንም አያገኝም፣ ስህተት አለ ብሎም አያስጠነቅቅም።

ሞክሼ ፊደላትን መርሳት። አንዱ «ጸሐፊ»፣ ሌላው «ፀሀፊ» ብሎ ይጽፋል፤ ለወርድ ሁለቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ዋይልድካርድ አብርተው [ጸፀ][ሐሀኀ]ፊ ብለው ይፈልጉ፤ ቅንፉ «ከነዚህ ፊደላት አንዱ» ማለት ነው። «ተከራዩ»ም እንዳያመልጥ ተከራ[ይዩ] ይበሉ።

አጭር ቃልን እንዳለ መፈለግ። «ውል» ብቻ ካሉ «ትውልድ»ም መሀሉ ይቀለማል። ዋይልድካርድ እንደበራ ከቃሉ በፊት የሒሳቡን የ«ያንሳል» ምልክት (<) ያድርጉ፤ ቃሉ ከሚጀምርበት ብቻ ይይዛል። «የውል» እና «በውል» ግን የራሳቸው መስመር ይፈልጋሉ።

ቅደም ተከተሉን ማዛባት። «የኪራይ ውል» አረንጓዴ ከሆነ በኋላ «የኪራይ» ብቻውን ቢጫ ቢታዘዝ፣ የኋለኛው የፊተኛውን ይሸፍነዋል። አጫጭሩን አስቀድሙ፣ ረጅሙን አስከትሉ።

የመተኪያውን ቦታ ባዶ መተው። ቀለሙ በትክክል ሳይታዘዝ ከቀረ ወርድ ሐረጉን ይሰርዘዋል። እዚያ ^& ይጻፉ፤ የተገኘውን ጽሑፍ እንዳለ መልስ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ፍለጋ በፊትም የቀድሞውን የፍለጋ ቅርጽ የሚያጸዳ ትእዛዝ ይኑር።

አሮጌ ፋይል ላይ ማክሮው ዝም ካለ ኮዱን ከመነካካት በፊት ጽሑፉን በኤሪያል ፎንት ይዩት። ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ከተለወጠ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) አይደለም፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

ማክሮውን ሰነዱ ውስጥ የሚያስቀምጡ ከሆነ «ማክሮ የሚቀበል ሰነድ» ብለው ያስቀምጡ፤ በተራው የወርድ ዓይነት ሲቀመጥ ኮዱ ይጠፋል። የግርጌ ማስታወሻ፣ የገጽ ራስጌና የጽሑፍ ሣጥን ከዋናው ጽሑፍ ተለይተው ስለሚቆጠሩ ማክሮው ሁሉንም ክፍሎች በየተራ እንዲዞር ማዘዝ ያስፈልጋል። የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ በብዛት የሚቀረው የግርጌ ማስታወሻው ነው።