ከኤፍኤምአርአይ ዳታ የነርቭ እንቅስቃሴንና የደም ፍሰትን ሲገምቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኤፍኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ የሚከታተለው የማግኔት ምስል) የሚያየው ደሙን ነው። የነርቭ ህዋሳት ሥራ ሲበዛባቸው ወደ አካባቢው የሚጎርፈው ኦክስጅን ከሚጠቀሙት ይበልጣል፤ ኦክስጅኑን የለቀቀው ሄሞግሎቢን ይቀንሳል፣ ቦልድ የሚባለው ሲግናልም ከፍ ይላል። ከዚህ ተነስቶ ወደ ነርቩ ለመመለስ የሚሞክር ሰው በብዛት የሚሰናከለው እነዚህ ላይ ነው።

ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት የደም ምላሽ መጠቀም

የደም ምላሽ ማለት ከአንድ አጭር ማነቃቂያ (ለምሳሌ ከሚታይ ምስል) በኋላ ሲግናሉ የሚወጣበትና የሚወርድበት ቅርጽ ነው። የትንተና ሶፍትዌሩ ይዞት የሚመጣው ምላሽ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ከመነሻው በታች ወርዶ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ ይረጋጋል። እውነተኛው ምላሽ ግን ከሰው ሰው፣ በአንድ ሰው አንጎል ውስጥም ከቦታ ቦታ ይለያያል። 2 ሰከንድ የዘገየ ቦታ በዚህ ሞዴል ሲለካ «ደካማ» ሆኖ ይወጣል። የጊዜ ዴሪቫቲቭ (ምላሹ ትንሽ እንዲቀድም ወይም እንዲዘገይ የሚፈቅድ ተጨማሪ መለኪያ) ወደ ሞዴሉ መጨመር ወደ 1 ሰከንድ ለሚጠጋ መዛነፍ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ኤፍአይአር (የምላሹን ቅርጽ አስቀድሞ ሳይወስኑ ቁመቱን በየቅጽበቱ የሚገምት ዘዴ) ይሻላል፦ ቲአር (መላውን አንጎል አንድ ጊዜ ለማንሳት የሚፈጀው ጊዜ) 2 ሰከንድ፣ መስኮቱ 24 ሰከንድ ከሆነ ለእያንዳንዱ የሙከራ ዓይነት 12 ቁጥሮች ይገመታሉ። ነገር ግን ማነቃቂያው ሁልጊዜ በየ4 ሰከንዱ የሚመጣ ከሆነ በሞዴሉ ሰንጠረዥ ውስጥ የ0ኛውና የ4ኛው ሰከንድ አምዶች አንድ ዓይነት ስለሚሆኑ መለየት አይቻልም። ክፍተቱን ለምሳሌ ከ2 እስከ 8 ሰከንድ እያለዋወጡ መበተን የግድ ነው፤ ይህም ከስካኑ በፊት የሚወሰን እንጂ በኋላ በኮድ የሚጠገን አይደለም።

ነርቩንም ደሙንም ያለ ገደብ በአንድ ላይ መገመት

ሲግናሉ የሁለቱ ኮንቮሉሽን ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ የነርቭ እንቅስቃሴ የደም ምላሽ ያስነሳል፣ ምላሾቹም ይደመራሉ። አንዱን በ2 አባዝተው ሌላውን ለ2 ቢያካፍሉ፣ ወይም አንዱን 1 ሰከንድ አስቀድመው ሌላውን ያንኑ ያህል ቢያዘገዩ ዳታው ንቅንቅ አይልም። የምላሹን ጣሪያ 1 ላይ፣ መነሻ ሰዓቱን ደግሞ ማነቃቂያው በታየበት ቅጽበት ላይ አስረው ይያዙት። ዲኮንቮሉሽን (ከሲግናሉ ወደ ነርቩ የመመለሱ ስሌት) ኖይዙንም አብሮ ያጎላል፤ ያለ ሬጉላራይዜሽን (ግምቱ ከልክ በላይ እንዳይዋዥቅ የሚያደርግ ገደብ) የሚወጡት ሹል ሹል ነገሮች ነርቭ መስለው ያታልላሉ። መልሱን አስቀድመው በሚያውቁት ሰው ሠራሽ ዳታ ይፈትኑት።

ቡናንና ጫትን አለመመዝገብ

ከሐረርና ከድሬ ተሳታፊ ለሚመለምል ዋናው ይህ ነው። ካፌይን የአዴኖሲን ተቀባዮችን ዘግቶ የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ የዕረፍት ጊዜውን የደም ፍሰት ይቀንሳል፤ ነርቩ ባይለወጥም የቦልዱ ቅርጽ ይለወጣል። «ከዋዜማው ጀምሮ ቡና አትጠጡ» ማለትም መፍትሔ አይደለም፦ ሱሰኛው ሲከለከል ፍሰቱ በተቃራኒው ይጨምራል። የስኒውን ብዛትና የመጨረሻውን ሰዓት ይመዝግቡ፤ ከቡና ተክል የሚዘጋጀው ሆጃም ይቆጠራል። በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የደም ግፊትንና የልብ ምትን ስለሚጨምር፣ ግማሹን ተሳታፊ ጠዋት፣ ግማሹን ከበርጫ በኋላ ማስቃኘት ሁለት ቡድን በሐሰት ይፈጥራል። ሁሉንም በተመሳሳይ የቀን ሰዓት ይቃኙ። 15 ሰከንድ ትንፋሽ የማስያዝ ሙከራ ቢጨመር የደም ሥሩን ብቃት ለብቻው ያሳያል።

የስላይስ ሰዓትን መዘንጋት

አንጎል የሚነሳው ስላይስ በሚባሉ ስስ ንብርብሮች ተራ በተራ ነው። ቲአሩ 2 ሰከንድ ከሆነ የመጨረሻው ስላይስ ከመጀመሪያው 2 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይነሳል። ይህ ካልተስተካከለ የደም ምላሽ መዘግየት መስሎ ይታያል።

ቀድሞ የተነሳውን ቦታ «አዛዥ» ማድረግ

አንዱ ቦታ ከሌላው 1 ሰከንድ ቢቀድም የደም ሥሩ ፈጣን ስለሆነ ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያው አንድ ቦታ ውስጥ ሁለት የሙከራ ዓይነቶችን ማወዳደር ግን ያስኬዳል፤ የደም ሥሩ ያው ነውና።