ማዕድ ላይ የሚጀምር ምስጋና

ልጆች ጸሎትን የሚለምዱት ከምክር ይልቅ ከማዕድ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከእራት ጀምሩ። መሶቡ ቀርቦ፣ እጅ ታጥቦ ሁሉም ሲሰበሰብ «አባታችን ሆይ» በኅብረት ይባል። ከዚያ እያንዳንዱ በዕለቱ ያገኘውን አንድ ነገር ጠርቶ ያመስግን። «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» ብሎ ማለፍ የለም! የእኛ ትንሿ አንድ ማታ «ዝናቡ ሳይመታን ታክሲ ስላገኘን» አለች፤ እንደዚህ ነው። ልጁ ዝም ካለ አታስገድዱት፣ እናት ወይም አባት ቀድመው ይናገሩ። ወጡ እንዳይቀዘቅዝ ደግሞ አታርዝሙት።

ጠዋት ጥድፊያ ስለሆነ አማትቦ መውጣት ይበቃል። ጊዜ ያለው ውዳሴ ማርያም ይድገም፤ ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን ብቻ ማድረስ ነው።

ወር በገባ በ21፣ በእመቤታችን ዕለት፣ ዳቦ ጋግሬ ጎረቤት ቡና እጠራለሁ። ከቤት መውጣት ለማይችሉት አዛውንት ጎረቤታችን ግን ቀድሞ ይቆረስላቸዋል። ዳቦውን በሰፌድ የሚያደርሱት ልጆቹ ናቸው፤ ምርቃቱን ጎንበስ ብለው ተቀብለው ይመለሳሉ።

ረቡዕና ዓርብ ስትጾሙ ከሥጋና ከወተት የተረፈውን ብር ለብቻው አስቀምጡ። የሚቆጥሩትም፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለነዳያን የሚሰጡትም ልጆቹ ይሁኑ። ትንንሾቹ ስንት ሰዓት ድረስ ይጹሙ የሚለውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።