የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ዝቅ ሲል ወደ ምህንድስና እንዴት ይገባል?

የፈተና ውጤት በወጣ ሰሞን ከፒያሳ እስከ አዘዞ በታክሲ ውስጥ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የእናንተ ልጅ ስንት አመጣ?» መልሱ ከግማሽ በታች ሲሆን የመላሹ ድምፅም አብሮ ዝቅ ይላል። ጎንደር ውስጥ ለዓመታት ሒሳብና ፊዚክስ ሳስጠና ውጤት ያልመጣለት ቤት የሚያደርገውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ልጁ በአንድ ሌሊት ሕልሙን ይቀይራል፤ ካልሆነም ቤተሰቡ አቋራጭ ፍለጋ ይሯሯጣል። ሁለቱም የሚሳሳቱት አንድ ነገር ላይ ነው። ወደ ምህንድስና የሚያስገቡ በሮች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ከሒሳብ የሚያስመልጥ በር ግን የለም።

በመጀመሪያ ግን ልብ ይረጋጋ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ጎረቤት ሊወቅሳችሁ ቢመጣ የእሱም ልጅ ከዘጠና በመቶዎቹ ወገን ሳይሆን አይቀርም።

አንደኛ፣ ውጤቱን በየትምህርቱ በትኑት። ድምሩ ብዙ አይናገርም። በባዮሎጂና በእንግሊዝኛ ወድቆ በሒሳብና በፊዚክስ የተሻለ ያመጣ ልጅ ለምህንድስና ቅርብ ነው፤ ባዮሎጂ አንስቶት ሒሳብ የጣለው ግን ድምሩ ቢበልጥም ሥራ ይጠብቀዋል። የአንዱ ትምህርት ውጤት ከምታውቁት ችሎታ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ከሆነ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ቅሬታ የሚቀበልበት ጊዜ ሳያልፍ አመልክቱ። ከዚያ በኋላ ግን ቅሬታውን ትታችሁ ወደ ጥናት ተመለሱ፤ መልስ በመጠበቅ ጥቅምትን የጨረሰ ተማሪ አውቃለሁ።

ሁለተኛ፣ የት እንደምትሳሳቱ ፈልጉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንድ ያለፈ ዓመት የሒሳብ ፈተና ሰዓት ይዛችሁ ሥሩና ስሕተቶቻችሁን በሦስት ክፈሏቸው፤ ጨርሶ የማላውቀው፣ እያወቅሁ የተሳሳትኩት፣ ጊዜ ያጠረኝ። አብዛኛው ልጅ ችግሩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካልኩለስ ይመስለዋል። ስሕተቱን ስንከታተለው ግን ብዙ ጊዜ የምንደርሰው ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ክፍልፋይ፣ የቅንፍ ምልክት መቀየር፣ አንዱን ፊደል ከቀመር ውስጥ ነጥሎ ማውጣት። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የከረመባቸውን ወራት ለቆጠረ ተማሪ ይህ አያሳፍርም፤ ዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ መክፈት የሚያሳፍረው ካለ ግን ኩራቱን ለጊዜው ያስቀምጠው።

የፊዚክስ ስሕተትም አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ሒሳብ አለ። አንድ ምሳሌ እነሆ። አንድ ባጃጅ 12 ኪሎ ሜትር በግማሽ ሰዓት ሄደ እንበል፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ነው። ከነተሳፋሪው ክብደቱ 400 ኪሎ ግራም ቢሆን በዚህ ፍጥነት ሲጓዝ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ ስንት ነው? ቀመሩ የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ ነው፤ ብዙዎች 24ን እንዳለ ውስጡ ያስገቡና 115,200 ያገኛሉ። መጀመሪያ 24ን ለ3.6 አካፍሎ በሰከንድ 6.67 ሜትር ያለ ግን ትክክለኛውን መልስ ያገኛል፤ 8,900 ጁል ገደማ። ቀመሩን ሁለቱም ያውቁታል፤ የለያያቸው የመለኪያ አሃድ ነው። የተሳሳተው መልስ ደግሞ ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ስለዚህ ቀመር ከመሸምደዳችሁ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር ከነአሃዱ መጻፍ ልመዱ። በቀን ሃያ ጥያቄ ከመሮጥ አምስት ሠርቶ የሳቱትን በማግሥቱ ያለመልስ ወረቀት ደግሞ መሥራት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሪሜዲያል ይደርሳችሁ እንደሆነ አረጋግጡ። ግማሽ ላላመጡ ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ለብዙዎች አጭሩ መንገድ ነው። መቁረጫ ነጥቡን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ይወስናል፤ ለወንድና ለሴት፣ እንደ ተፈታኙም ሁኔታ ይለያያል። ስለዚህ የታላቅ ወንድማችሁን ዓመት ነጥብ ይዛችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ አትዘናጉም። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይማራሉ። ፕሮግራሙ ሲጀመር ምዘናው 30 በመቶው በተቋሙ፣ 70 በመቶው በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና ሲሆን ማለፊያውም ግማሽ ነበር። ወሮቹ ጥቂት ናቸው፤ ግቢ መግባቱን እንደ ድል ቆጥሮ የመጀመሪያውን ወር በጉብኝት ያሳለፈ በማዕከሉ ፈተና ይቸገራል። የጎንደር ልጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ብቻ ይመደባል የሚል ግምትም አትያዙ፤ ሻንጣ አዘጋጁ። ማኅበራዊ ሳይንስ የተፈተነ ተማሪ ደግሞ በዚህ መንገድ ወደ ምህንድስና አይሻገርም።

አራተኛ፣ ሪሜዲያል ካልደረሰ በግል ተፈታኝነት እንደገና መቀመጥ አለ። አንድ ዓመት መድገም ረጅም ይመስላል። መሠረቱን ለመጠገን የሚያስፈልገውም ይኸው ዓመት ስለሆነ እኔ አልጠላውም፤ ሆኖም ምዝገባው ከፈተናው ወራት ቀድሞ ስለሚዘጋ ማስታወቂያውን ተከታተሉ።

አምስተኛው መንገድ ቴክኒክና ሙያ ነው። ከተማችን የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላት፤ እንዲያም ሆኖ ብዙ ወላጅ ስሙን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። አይገባኝም። ኤሌክትሪክ መስመር በእጁ የዘረጋ፣ ሞተር ፈትቶ የገጠመ ልጅ ዲግሪ ክፍል ሲገባ ሌላው በሥዕል ብቻ የሚያየውን ነገር ያውቀዋል። ሥልጠናው በደረጃ ይሄዳል፣ በየደረጃውም የብቃት ምዘና አለ፤ ከፍ ያለውን ደረጃ ጨርሰው ምዘናውን ላለፉ ወደ ዲግሪ መሸጋገሪያ አለ። የመሸጋገሪያው መመሪያ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ከመመዝገባችሁ በፊት የምትመርጡት ሙያ ወደ የትኛው የምህንድስና ዘርፍ እንደሚያሻግር ጠይቁ፤ የሚነግራችሁን ሰው መመሪያውን እንዲያሳያችሁ ለምኑት።

በግል ኮሌጅ ለመማር ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ማሳሰቢያ ይኑራችሁ። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት እናት ወርቃቸውን ሸጠው የመመዝገቢያ ከፍለው፣ ኮሌጁ ለዚያ ትምህርት ፈቃድ እንደሌለው የሰሙት በኋላ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ፈቃዱም ለየትምህርት ዘርፉና ለየቅርንጫፉ ለየብቻ ስለሆነ «ኮሌጁ እውቅና አለው» የሚል መልስ አይበቃም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይጠይቅ ምህንድስና አስተምራለሁ የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ሻዩን እንኳ ሳትጨርሱ ውጡ።

በሪሜዲያልም ግቡ በድጋሚ ፈተና፣ ዩኒቨርሲቲ የሚቀበላችሁ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ሒሳብ በሎጂክና በስብስብ ይጀምራል፣ ፊዚክስ ይከተላል፣ ወደ ምህንድስና ያዘነበሉት ደግሞ አፕላይድ ሒሳብ ይወስዳሉ። የትምህርት ክፍል ምደባው ሲሠራ የዚህ ዓመት ነጥብ ትልቅ ቦታ ስላለው በሪሜዲያል የገባም እዚህ ራሱን የማሻሻል ዕድል አለው። ምርጫ ስትሞሉ ተጠንቀቁ፤ በፋሲል ግንብ ሥር ያደገ ልጅ ምህንድስና ሲባል ሲቪል ብቻ ይመስለዋል። ኤሌክትሪካሉም፣ መካኒካሉም፣ ኬሚካሉም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ስለሚቀመጥ ደብተራችሁን ለታናሽ እኅት አታውርሱ፤ ፎቶ አንስታችሁ ስጧት።