ዳታቤዝን ከዳታ ካታሎግ ጋር ሲያገናኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዳታሃብን በመሰለ የዳታ ካታሎግ (የመሥሪያ ቤቱ ሠንጠረዦች ዝርዝርና ትርጉም በሚመዘገብበት ሶፍትዌር) ላይ የመጀመሪያውን ዳታቤዝ ማገናኘት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ሬሲፒ በሚባለው የያምል ፋይል ውስጥ ሜታዳታው (እንደ ሠንጠረዥና አምድ ስም ያለው፣ ስለ ዳታው የሚናገረው መረጃ) ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚላክ ይጻፋል፤ ትእዛዙ ሲሰጥ ሠንጠረዦቹ ካታሎጉ ላይ ይደረደራሉ፤ ሁሉም ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት በዚያው ከሰዓት በኋላ ሲሆን የሚታወቁት ግን ከወራት በኋላ ነው። ምሳሌዎቼን የምወስደው ሊንክድኢን ኮዱን በ2020 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ክፍት ካደረገው ከዳታሃብ ነው፤ ኦፕንሜታዳታን ወይም አፓቺ አትላስን የመሰሉ ሌሎች ካታሎጎችን የሚጠቀሙ ሰዎችም የቅንብሮቹ ስም ይለያያል እንጂ ችግሮቹን ያውቋቸዋል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ስለ ሠንጠረዦቹ መታወቂያ ሳያስቡ መጀመር ነው። ዳታሃብ እያንዳንዱን ሠንጠረዥ የሚለየው ዩአርኤን በሚባል መታወቂያ ነው። ይህ መታወቂያ የሚሠራው ከዳታቤዙ ዓይነት፣ ከሠንጠረዡ ሙሉ ስም እና ከአካባቢው ስም (ዳታቤዙ ለሙከራ ነው ወይስ ለዋናው ሥራ የሚለው) ሲሆን፣ አካባቢው ካልተገለጸ በራሱ «ፕሮድ» (ዋናው ሥራ) ብሎ ይሞላዋል። የሰርቨሩ አድራሻ መታወቂያው ውስጥ የለም። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሰርቨሮች ኖረውት በሁለቱም ላይ «ኮር» የሚባል ዳታቤዝ፣ «ፐብሊክ» የሚባል ስኪማ (ሠንጠረዦች የሚመደቡበት የዳታቤዝ ክፍል) እና «ከስተመርስ» የሚባል ሠንጠረዥ ቢኖር፣ ካታሎጉ ሁለቱን እንደ አንድ ሠንጠረዥ ይቆጥራቸዋል። አንደኛው ሬሲፒ የጻፈውን የአምዶች ዝርዝር ሁለተኛው ይተካዋል፤ በማግስቱ አንደኛው ተመልሶ የሁለተኛውን ይተካል። የትም ቦታ የስህተት መልእክት አይወጣም። ሁለቱም ሥራዎች ተሳክተዋል ተብሎ ይመዘገባል፤ ትናንት ያየውን አምድ ዛሬ ያጣው የሪፖርት ባለሙያ ግን ካታሎጉን ትቶ እንደ ድሮው የዳታቤዝ አስተዳዳሪውን በስልክ ወደ መጠየቅ ይመለሳል።

ይህን ለመከላከል የተዘጋጀው ቅንብር ፕላትፎርም ኢንስታንስ ይባላል። ለእያንዳንዱ ሰርቨር የተሰጠውን ስም ከሠንጠረዡ ስም ፊት በማስገባት መታወቂያዎቹ እንዲለያዩ ያደርጋል። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች እንኳ «አሁን ያለን አንድ ሰርቨር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሲመጣ እንጨምረዋለን» ሲሉ ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። ኋላ ላይ መጨመር አይቻልም፤ ማለትም ቅንብሩን መጨመር ይቻላል፣ ግን ቅንብሩ በተጨመረ ቀን የእያንዳንዱ ሠንጠረዥ መታወቂያ ይለወጣል፣ ካታሎጉም ሁሉንም እንደ አዲስ ይመዘግባል። በሰው እጅ የተጻፉት መግለጫዎች፣ የተመደቡት ባለቤቶችና የተለጠፉት ታጎች (መለያ ምልክቶች) የቀድሞውን መታወቂያ ይዘው እዚያው ይቀራሉ። አንድ የማውቀው ቡድን ወራት ሙሉ የየክፍሉን ኃላፊዎች እየለመነ የአምዶቹን ትርጉም ካስጻፈ በኋላ ሁለተኛው ሰርቨር መጣና ይህን ቅንብር ጨመረ፤ በማግስቱ ካታሎጉ አንድም መግለጫ በሌላቸው ሠንጠረዦች ተሞልቶ ተገኘ። ጽሑፎቹ አልጠፉም ነበር፤ ከአሮጌው መታወቂያ ወደ አዲሱ በስክሪፕት ማጓጓዝ ተቻለ። ሆኖም ኃላፊዎቹን ዳግመኛ ካታሎጉን ክፈቱ ብሎ ማሳመን ከስክሪፕቱ ይልቅ ከባድ ሆነ።

ስሙንም ቢሆን ከአይፒ አድራሻ ወይም ከማሽኑ ስም መውሰድ አይገባም። ማሽን ይቀየራል፣ ወደ ክላውድም ይሄዳል፤ «ብድር» ወይም «ደመወዝ» የሚል የአገልግሎት ስም ግን አብሮ ይዘልቃል።

ከመታወቂያ ሳልወጣ፣ የላቲን ፊደላትን ትልቅና ትንሽ መልክ መናቅም ብዙ ያደክማል። ስኖውፍሌክ የተባለው የክላውድ ዳታቤዝ ያለ ትእምርተ ጥቅስ የተጻፈን ስም በትልልቅ ፊደላት ያስቀምጣል፤ የዳታሃብ ማገናኛው መታወቂያውን ሲሠራ ወደ ትንንሽ ፊደላት ይለውጠዋል። ሌላ መሣሪያ ወይም በእጅ የተጻፈ ስክሪፕት ያንኑ ሠንጠረዥ በትልልቅ ፊደላት ከላከው፣ ሊኒየጅ በሚባለው የዳታ ፍሰት ሥዕል ላይ ሁለት ሠንጠረዦች ይታያሉ፤ አንዱ አምዶቹ የተሟሉለት፣ ሌላው ስም ብቻ ያለው ባዶ። በሥዕሉ ላይ አምድ የሌለው ሠንጠረዥ ካያችሁ አስቀድማችሁ የምትመረምሩት ይህንን ይሁን።

«ግንኙነቱ ተሳክቷል» የሚለውን መልእክት እንደ ማረጋገጫ መውሰድ ሌላው ስህተት ነው። መልእክቱ የሚናገረው የተጠቃሚ ስሙና የይለፍ ቃሉ መሥራታቸውን ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ተጠቃሚው መብት የሌለበትን ሠንጠረዥ በዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ስለማያሳይ፣ ግማሹ ዳታቤዝ ቢቀርም ሥራው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጠናቀቃል። የሠንጠረዦቹን ብዛት ከዳታቤዝ አስተዳዳሪው ጠይቆ ካታሎጉ ላይ ካለው ጋር ማነጻጸር ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይፈጅም። በተቃራኒው፣ ከዚህ ጣጣ ለመዳን የአስተዳዳሪውን አካውንት ሬሲፒው ላይ የሚጽፉ አሉ፤ ይህ ለምን እንደማይገባ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። የይለፍ ቃልም ፋይሉ ውስጥ አይጻፍም፤ ሬሲፒው ከአካባቢ ተለዋዋጭ (ከፋይሉ ውጭ ማሽኑ ላይ ከሚቀመጥ እሴት) ማንበብ ይችላል።

ሬሲፒውን ከካታሎጉ ድረ ገጽ ላይ የሚያስኬዱ ሰዎች ዳታቤዙ እዚያው ማሽን ላይ ሲሆን አድራሻውን «ሎካልሆስት» ብለው ይሞሉና ግንኙነቱ እምቢ ሲላቸው ፋየርዎሉን መጠርጠር ይጀምራሉ። ሥራው የሚሄደው በኮንቴይነር፣ ማለትም ከማሽኑ ተነጥሎ በሚሠራ ዝግ ክፍል ውስጥ ነው፤ ለኮንቴይነር ሎካልሆስት ማለት ራሱ ነው።

የትኞቹ ሠንጠረዦች ካታሎጉ ላይ እንዲገቡ በሚወስኑት ማጣሪያዎችም ላይ አጭር ማሳሰቢያ አለኝ። የሠንጠረዥ ማጣሪያ የሚነጻጸረው ከሠንጠረዡ ስም ብቻ ጋር ሳይሆን ከዳታቤዙ ጀምሮ ነጥብ በነጥብ ከተጻፈው ሙሉ ስም ጋር ነው። በተጨማሪም ንጽጽሩ ከስሙ መጀመሪያ ቢጀምርም እስከ መጨረሻው መድረስ ስለማይጠበቅበት፣ «ሴልስ» የሚለውን ስኪማ የፈቀደ ሰው መጨረሻው ላይ «ስሙ እዚህ ያበቃል» የሚለውን የዶላር ምልክት ካላደረገ «ሴልስ ባክአፕ»ንም አብሮ ፈቅዷል።

የየአምዱን ስታቲስቲክስ የሚሰበስበውን ፕሮፋይሊንግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማብራት ሁለት አደጋ አለው። የመጀመሪያው ጫናው ነው፤ የየአምዱን የተለያዩ እሴቶች፣ ትንሹንና ትልቁን፣ የባዶዎቹንም ብዛት ለማወቅ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲሄድ ታስቦ ሥራዎችን በሰዓታቸው በሚያስነሣው ክሮን ላይ 8 ተብሎ ተጻፈ። ሰርቨሩ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ በዩቲሲ ስለነበር 8 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ሆነና፣ ደንበኛ ተሰልፎ በሚጠብቅበት ሰዓት ዋናው ዳታቤዝ ተንገዳገደ። ለዚያ ሰዓት መጻፍ የነበረበት 23 ነው፤ ከሌሊቱ 8 በዓለም አቀፉ አጻጻፍ 2 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ላይ ሦስት ሰዓት ሲቀነስ ያለፈው ቀን 23 ይሆናል። ፕሮፋይሊንግ የግድ ካስፈለገ በሠንጠረዥ ደረጃ ብቻ እንዲሆን መገደብ ወይም ለንባብ ብቻ ከተለየ ቅጂ ላይ ማካሄድ ይቻላል።

ሁለተኛው አደጋ እምብዛም አይነገርለትም። ፕሮፋይሊንግ ሲበራ ከየአምዱ የናሙና እሴቶችን መውሰድም፣ ለይተው ካላጠፉት በስተቀር፣ አብሮ ይበራል። ስለዚህ ዳታቤዙን የመክፈት መብት የሌለው ሠራተኛ ካታሎጉን ከፍቶ የእውነተኛ ደንበኞችን ስምና ስልክ ቁጥር ሊያነብ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በወጣበት አገር ይህ በቸልታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። የናሙናውን ቅንብር መጀመሪያ አጥፍቶ መነሣት፣ ከዚያም በሚያስፈልግባቸው ሠንጠረዦች ላይ ብቻ መፍቀድ ይሻላል።

ከዳታቤዙ የተሰረዙ ሠንጠረዦች ካታሎጉ ላይ እንዳይቀሩ የሚያደርገውን ስቴትፉል ኢንጀስሽንን አለማብራት ስህተት ነው፤ አብርቶ መዘንጋትም እንዲሁ። አሠራሩ ያለፈውን ዙር ዝርዝር ከአሁኑ ጋር አነጻጽሮ ያጣውን ከእይታ ማውጣት ነው። ያለፈውን ዙር የሚያስታውሰው ሬሲፒው ላይ ለሥራው በሚሰጠው የፓይፕላይን ስም ስለሆነ ያን ስም የቀየረ ሰው ትውስታውን አጥፍቶታል። ከዚህም በላይ፣ ሠንጠረዡ የታጣው ስለተሰረዘ ይሁን የንባብ መብት ስለተነጠቀ ለይቶ አያውቅም። በአንድ ዙር ከእይታ ሊወጣ በሚችለው ድርሻ ላይ ለጥንቃቄ የተቀመጠው ገደብ ሳይነካ ሲቀር 75 በመቶ በመሆኑ፣ የሠንጠረዦቹ ግማሽ በአንድ ሌሊት ቢሰወር ገደቡ አያስቆመውም። እርግጥ ነው፣ ከእይታ የወጣው መብቱ ሲመለስ በሚቀጥለው ዙር ይመለሳል፤ እኔ ግን ገደቡን በብዙ ዝቅ አድርጌ ነው የማስቀምጠው።

የመጀመሪያውን ሙከራ በቀጥታ ካታሎጉ ላይ ማድረግም ልማድ ሆኗል። ሬሲፒው መድረሻውን ፋይል እንዲያደርግ ሲታዘዝ ወደ ካታሎጉ ሊልክ የነበረውን ሁሉ በጄሰን ይጽፈዋል። ያንን ፋይል ከፍተው ከዩአርኤኖቹ ጥቂቶቹን ያንብቡ፤ የኢንስታንሱ ስም አለ ወይ፣ አካባቢው ትክክል ነው ወይ፣ ፊደላቱ ትልቅ ናቸው ወይስ ትንሽ፣ ያልተፈለገ ስኪማ ሾልኮ ገብቷል ወይ ብለው ይመልከቱ። መታወቂያን በነፃ ማረም የሚቻለው እዚህ ደረጃ ላይ ብቻ ነው።