ፀሐይ ያሳወረው የሮቦት ርቀት ሴንሰር እንዴት እንደተስተካከለ

ችግሩ፦ እቤት የተሠራው የኢንፍራሬድ ሴንሰር ማታ ማታ እንቅፋት በ15 ሳንቲሜትር ይለያል፤ ጠዋት መስኮት አጠገብ ሲደርስ ግን ሮቦቱ ባዶ ቦታ ላይ ይገተራል። ንባቡ አርዱዊኖ (ሮቦቱን የሚያዘው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ሊያነበው የሚችለው ትልቁ ቁጥር 1023 ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ከ2,100 ሜትር ከፍታ በላይ ያለችው የጎንደር ፀሐይ ለፎቶትራንዚስተር (ብርሃን ለሚለየው የሴንሰሩ ክፍል) አትራራም።

ገመዱ ቀላል ነው። 940 ናኖሜትር ኤልኢዲ (ለዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚረጭ ትንሽ መብራት) በ220 ኦም ሬዚስተር ከአርዱዊኖ ፒን 3፤ የፎቶትራንዚስተሩ ኮሌክተር እግር ከ5 ቮልት፣ ኤሚተር እግሩ ከኤ0 (የአርዱዊኖ ማንበቢያ ፒን)፣ ከዚያው ነጥብ 10 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ።

መፍትሔው ኮዱ ላይ ነው፦ ኤልኢዲውን አጥፍቶ ማንበብ፣ አብርቶ 1 ሚሊሰከንድ ቆይቶ ደግሞ ማንበብ፣ ከሁለተኛው አንደኛውን መቀነስ። የሚተርፈው የኤልኢዲው ነጸብራቅ ነው። የ10 ዙር አማካይ ሲወሰድ ቁጥሩ መዝለል ያቆማል። ኤልኢዲው ጠፍቶም 1023 ከሆነ ግን ልዩነቱ ዜሮ ይሆናል፤ ያኔ 10 ኪሎ ኦሙን በ1 ኪሎ ኦም መተካት ነው። የሚያየው ርቀት ያጥራል፤ ከመታወር ይሻላል።

ፊቱ ምንም ሳይኖር ልዩነቱ ከፍ ካለ ብርሃኑ በጎን እየሾለከ ነው። ፎቶትራንዚስተሩን ፎይል አልብሶ በላዩ ጥቁር ቴፕ መጠቅለል፤ ፎይሉ እግሮቹን እንዳይነካ። የእስክሪብቶ ቀፎ አይታመንም፤ ለዓይን ጥቁር የሆነ ፕላስቲክ ሁሉ ኢንፍራሬድ አያግድም።

በመጨረሻ ነጭ ወረቀት በየ2 ሳንቲሜትሩ እያራቁ ቁጥሩን መመዝገብ ነው። ጥቁር ጎማ በዚያው ርቀት በጣም ጥቂት ስለሚመልስ ሮቦቱ ሩቅ መስሎት ይላተመዋል።