ልጆቻችንን ከማድቤት የሚያርቁ ስህተቶች

«የኔ ልጆች እኮ ከፓስታና ከበርገር ውጪ አይበሉም።» ይህን የማይል ወላጅ አሁን አሁን ብርቅ ሆኗል። ወቀሳው ወይ ልጆቹ ላይ ነው፣ ወይ ስልኩ ላይ፣ ወይ «ዘመኑ» ላይ። ማድቤቱን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ልጅ ግን የሚወደው እጁ የነካውን ነው። ምስር ለቅሞ የማያውቅ፣ ሽንኩርት ሲቁላላ አጠገቡ ቆሞ ያላሸተተ ልጅ፣ ወጥ ማለት ለእሱ ተሠርቶ የሚቀርብ የሚያቃጥል ነገር ነው። በየቤቱ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ውጣ ከዚህ፣ ትቃጠላለህ!»

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሥራ በበዛበት ሰዓት ልጅ እግር ስር ሲርመሰመስ ያበሳጫል፣ አልክድም። አደጋውም እውነት ነው። ግን በአራት ዓመቱ ያባረርነውን ልጅ በ18 ዓመቱ «እንቁላል እንኳን መጥበስ አይችልም» ብለን መገረም ምን ይሉታል?

ለልጁ ቦታና ሥራ ስጡት። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ምስር ይለቅማል። ትሪ ላይ እፍኝ ምስር በትኑለትና ጠጠሩን ያውጣ። ጠጠር ባገኘ ቁጥር እየጮኸ ያሳያችኋል፤ አድንቁለት። ጎመን ከግንዱ መቀንጠስ፣ ድንች ማጠብ፣ የተቀቀለ እንቁላል መላጥም የዚህ ዕድሜ ሥራ ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው ነጭ ሽንኩርት ይልጣል፣ ከእናንተ ጋር ቆሞ ያማስላል። ቢላውን አሥር ዓመት ገደማ፣ ከጎኑ ሳትርቁ። የጋለ ዘይትና የፈላ ውሃ ግን ለአዋቂ ይቆይ። የድስቱ እጀታ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይዙር። በርበሬና ቃሪያ የነካ እጅ ዐይን ሳይነካ በሳሙና ይታጠብ። ይሄን ያህል ነው ጥንቃቄው።

እናቶቻችን ይህን ያውቁበት ነበር። እንጀራ ጋግረው ሲጨርሱ ለልጆች እንጎቻ ይጋግሩ ነበር። አንድ ሕፃን የራሱ የሆነች፣ በእጁ ልክ የተጋገረች እንጀራ ይዞ ሲሮጥ ያየ ሰው የምግብ ፍቅር እንዴት እንደሚተላለፍ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት አሁንም ይህን ማድረግ ይችላል። ከፍ ያለ ልጅ ከሆነ በትንሽ ስኒ ሊጡን ራሱ ያፍስስ፣ እናንተ እጁን ያዙለት። ከዚያ አብራችሁ ጎንበስ ብላችሁ ዐይኑ ሲወጣ እዩ። መጀመሪያ ዳር ዳሩን፣ ቀጥሎ መሀሉን ነጥብ ነጥብ እያለ ይከፈታል። ዐይኑ ወጥቶ ሲያልቅ ነው አክንባሎው የሚደፋው። «ለምን ቀዳዳ ሆነ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እርሾው ሊጡን ሲያቦካ አየር እንደሚፈጥር፣ ያ አየር ምጣዱ ሲግል ሽቅብ እንደሚወጣ ንገሩት። አብሲቱንም አሳዩት፦ ከቦካው ሊጥ ትንሽ ተቀንሶ፣ ከውሃ ጋር በእሳት ላይ እስኪወፍር ተማስሎ፣ በረድ ሲል ተመልሶ ይጨመራል፤ ሊጡ ኩፍ ሲል መጋገር ይጀመራል። ሳይንስ በነጻ ነው።

በዶሮ ወጥ መጀመር

ብዙ ቤት ልጅ «ነይ ተማሪ» የሚባለው የፋሲካ ዋዜማ ነው። እናት ደክማለች፣ ሰዓት ሄዷል፣ ዶሮው ውድ ነው፣ እንግዳ ይመጣል። ልጅቷ አንድ ነገር ብትሳሳት ቤቱ ይናወጣል። ይሄ ፈተና እንጂ ትምህርት አይደለም። ዶሮ መበለት፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ፣ 12 ብልቱን ሳያበላሹ ማውጣት የባለሙያ ሥራ ነው። በዓል ላይ ልጆች የብልቶቹን ስም ይማሩ፤ ፈረሰኛው የቱ ነው፣ መላላጫው የቱ ነው፣ ፍርምባ ለማን ይሰጣል። ይበቃቸዋል።

መጀመሪያ የሚሠሩት ሽሮ ይሁን። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ቢበላሽም አያስለቅስም። አንድ ምስጢር ብቻ አለው፤ መጓጎል የለበትም። ደረቅ ሽሮ በአንዴ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲዘረገፍ ውጪው ቶሎ በስሎ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል፣ ጓጉሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ ልጅ ቀላሉ ሽሮውን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ የተቁላላው ሽንኩርት ላይ መጨመር ነው። ለአንድ ስኒ ሽሮ ሦስት ስኒ ውሃ ብሎ ይጀምር፤ ወፈር ያለ ከወደደ ውሃውን ይቀንሳል። ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርጎ ማማሰል። ሽሮ መንተክተክ ሲጀምር እጅ ላይ ይፈነጥቃልና ክዳን ገርበብ ማድረግን አብሮ ይማር። ዘይቱ ከላይ ሲንሳፈፍና የጥሬ ዱቄት ሽታው ሲጠፋ ደርሷል።

ጾም ራሱ ደግሞ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ዓብይ ጾም 55 ቀን ነው። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት፤ በየቀኑ የሚሠራ፣ ብዙ ወጪ የሌለው ምግብ። ረመዳን በሚጾም ቤትም ማታ ማታ ሳምቡሳ መጠቅለል የልጆች ሥራ መሆን አለበት። መጀመሪያ የጠቀለሉት ዘይቱ ውስጥ ይፈታል። ይፈታ!

ሽንኩርቱን ማጣደፍ

አሁን ወደ ድስቱ እንግባ። «የኔ ወጥ እንደ እማዬ አይጣፍጥም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያማርረው በርበሬውን ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽንኩርቱ ላይ ነው። ሽንኩርት ሁለት ደቂቃ ጠብሶ በርበሬ የሚጨምር ሰው፣ ምርጥ በርበሬ ቢገዛም ወጡ ጥሬ ጥሬ ማለቱ አይቀርም።

ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍ። ዘይት ሳይነካው ድስት ውስጥ ይግባ፣ እሳቱ መካከለኛ ይሁን። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል። ያ ውሃ ሲመጥ ጣፋጭነቱ መውጣት ይጀምራል። ሊይዝ ሲል ጠብ የምታክል ሙቅ ውሃ፣ እንደገና ማማሰል። ዐይን የሚያስለቅሰው ሽታ ጠፍቶ ለስለስ ያለ ጣፋጭ ሽታ ሲመጣ፣ ቅርጹም ሲሟሽሽ፣ ያኔ ዘይቱ ይግባ። በርበሬው ቀጥሎ። በርበሬም በደረቁ ከተተወ ያርራል፤ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ቢያንስ 20 ደቂቃ ማቁላላት ነው። ንጥር ቅቤውም እንደየቤቱ ልማድ ይገባል። መከለሻው ግን መጨረሻ ላይ፣ ድስቱ ሊወጣ ሲል። ኮረሪማ ከመጀመሪያው ከተጨመረ መዓዛው በእንፋሎት አብሮ ይሄዳል፣ ብሩም አብሮት።

በብሌንደር የተፈጨ ሽንኩርት? ጊዜ ያተርፋል፣ ግን ውሃው ብዙ ነው። ያ ውሃ እስኪመጥ መታገስ የማትችሉ ከሆነ ያተረፋችሁት ነገር የለም። እኔ ብትጠይቁኝ መክተፉን እመርጣለሁ።

ይሄ ሁሉ ከልጆች ጋር ምን አገናኘው? በዚህ 40 ደቂቃ ውስጥ ሰው ከድስቱ አይርቅም። ድስቱ አጠገብ ቆሞ የሚያወራ ልጅ ደግሞ በሌላ ሰዓት የማይነግራችሁን ያወራል። «አሁን አሽትተው፣ ምን ይላል?» እያላችሁ በየደረጃው ጠይቁት። አፍንጫው የተማረውን አይረሳም።

«በግምት ነው፣ የኔ ልጅ»

እናት «ትንሽ ጨው ጨምሪ» ስትል ያቺ ትንሽ በእሷ ጣቶች የተለካች ናት። ልጅቷ ግን ሌላ ጣት ነው ያላት። አንድ ስኒና አንድ የሻይ ማንኪያ መርጣችሁ ሁልጊዜ በእነሱ ስፈሩ። በርበሬ ግን በቁጥር ብቻ አይያዝም። የአንዱ ቤት ያቃጥላል፣ የሌላው ለስላሳ ነው። አዲስ በርበሬ ሲፈጭ መጠኑ እንደ አዲስ ይሞከር።

«ሳትጨርስ አትነሳም»

ይህኛው ሁለት ጎን አለው። አንዱ ቤት ልጁ እያለቀሰ እንዲውጥ ይገደዳል፤ ከዚያ በኋላ ያን ምግብ ባየ ቁጥር የሚመጣበት ልቅሶው ነው። ሌላው ቤት ደግሞ ልጁ አንዴ ፊቱን ስላጨማደደ በየቀኑ ለብቻው ፓስታ ይቀቀልለታል። ሁለቱም ልጁን ከማዕዱ ያርቁታል።

መሀል መንገዱ ከአንድ ድስት ሁለት ወጥ ማውጣት ነው። ክኩ በሽንኩርትና በእርድ ሲበስል የልጁን በአልጫነቱ ቀንሱለት፤ ለአዋቂው በሌላ ድስት የተቁላላ በርበሬ ይጨመርበት። ከቀዩም በእንጀራ ጫፍ ቀመስ ያድርግ፣ ካልወደደው ይለፈው። ሳምንት ቆይቶ እንደገና ይቅረብለት። ልጅ አዲስ ጣዕም ለመልመድ ደጋግሞ መቅመስ ያስፈልገዋል፤ አንዴ «አልወድም» ስላለ ተስፋ አይቆረጥም። ጉርሻም አለ። ከትሪው ራሱ የማይነካውን ነገር ከአያቱ እጅ ሲሆን አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ወንዱን ሶፋ ላይ መተው

እህቱ ሽንኩርት ትልጣለች፣ እሱ ኳስ ያያል። ጓዳ ከገባ ይሳቅበታል። ያው ልጅ ነጭ ኮፍያ ደፍቶ ሆቴል ውስጥ ቢሠራ ግን «ሼፍ» ብለን እናከብረዋለን። አይገርምም? ነገ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ቤት ሲከራይ ወይ ባሕር ማዶ ሲሄድ ከሆዱ ጋር ብቻውን ነው የሚቀረው። የአባትየው ነገር ደግሞ ይብሳል። አባት ድስት ሲያጥብ ያላየ ልጅ በምክር አይገባም።

የመጀመሪያ ድስቱ ላይ መፍረድ

ልጁ ላቡ ጠብ እስኪል ሠርቶ አቀረበ። አጎት ቀምሶ «ጨው በኪሎ ነው እንዴ የሚጨመረው?» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጁም ሳቀ፣ ግን ሁለተኛ ማድቤት አልገባም። ቀልዱን ያዙትና መፍትሔውን አስተምሩት።

ጨው ሲበዛ ድንች ጣሉበት ይባላል። ድንቹ ከመረቁ ጋር ጨዉንም ይጠጣል እንጂ ጨዉን ብቻ መርጦ አያወጣም። የሚያዋጣው ማብዛት ነው፤ ጨው የሌለበት የተቀቀለ ምስር ወይ ሌላ ቁሌት ጨምሮ ወጡን ማሳደግ። ከሥሩ ካረረ ደግሞ አትፋቁት፣ አታማስሉት። የላዩን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ፣ የታችኛውን እዚያው ተዉት። በርበሬው ራሱ አርሮ ከመረረ ግን አይድንም። ይደፋና እንደገና ይጀመራል፤ ቁጣ ሳይኖር።

«የአገር ቤቱ እስኪመጣ»

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይ ዱባይ ያሉ ወገኖች ይህቺን ያውቋታል። ሽሮውና በርበሬው በሰው ሻንጣ ይመጣል፣ ፍሪዘር ይገባል፣ እንደ ወርቅ ይቆጠባል። ልጆች እንዲነኩት አይፈቀድም፣ «ያልቅብናል!» ይባላል። እንጀራው ከሱቅ ይገዛል። ታዲያ ልጁ ምኑን ይማር?

ምስር የማይገኝበት ሱቅ የለም። ሽንኩርት፣ ጎመን፣ ድንች፣ እርድ፣ ዝንጅብል እዚያው አለ። አልጫና ጎመን ከሻንጣ ምንም አይጠይቁም። እንጀራውንም በወር አንዴ እቤት ሞክሩት። በቅዝቃዜ ሊጡ አልቦካ የሚላችሁ ከሆነ እሳቱ ባልተለኮሰ ኦቨን ውስጥ መብራቱን ብቻ አብርታችሁ አሳድሩት። ኦቨኑ ላይ ወረቀት መለጠፍ አትርሱ፣ ሌላ ሰው ሳያይ ለኩሶት ዕቃውም ሊጡም አብሮ ይጋገራል።

የተረፈውን መጣል

እንጀራ ሲደርቅ ወደ ቆሻሻ የሚሄድበት ቤት በዝቷል። ፍርፍር ግን አንድ ልጅ ብቻውን ሠርቶ ቤተሰቡን ቁርስ ሊያበላበት የሚችል ምግብ ነው። የተረፈ ወጥ ካለ ትንሽ ውሃ ጨምሮ ያሙቀው፤ ከሌለ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና በርበሬ ያቁላላ። መረቁ ቀጠን ብሎ ሲፈላ ጨዉን ቀምሶ እሳቱን ያጥፋ፣ ከዚያ የተቆራረጠውን እንጀራ ጨምሮ ቶሎ ያገላብጥ። እሳት ላይ እያለ ከተጨመረና ብዙ ከተማሰለ ገንፎ ይሆናል። የተረፈው እንጀራ ብዙ ከሆነ ቆራርጣችሁ ሰፌድ ላይ ፀሐይ አስመቱትና ድርቆሽ አድርጉት፤ እርጥበት እንዳይነካው በደንብ በሚከደን ዕቃ ይቀመጥ፣ ልጁ ራሱ መድረስ በሚችልበት መደርደሪያ ላይ።